በታደሰ ሞተር ውስጥ ኩላንት ከዘይት ጋር እየተቀላቀለ ነው፤ ቴስታታውን ሳላስወርድ መንስኤውን እንዴት ላረጋግጥ?

ጠያቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በቅርቡ ባሳደስኩት ሞተር ላይ ስለደረሰብኝ ችግር ልምድ ያላችሁን ሰዎች ምክር ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። ሞተሩ የቤንዚን፣ ባለ 4 ሲሊንደር እና 1.8 ሊትር ሲሆን፣ ብሎኩ የብረት፣ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ደግሞ የአሉሚኒየም ነው። አንድ ጊዜ ክፉኛ ግሎ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ታድሷል። የቴስታታው ፊት በቶርኖ ቤት ተስተካክሏል፤ ፒስቶኖቹ፣ ፋሻዎቹ (የፒስቶን ቀለበቶቹ)፣ ብሮንዚኖቹ (የሚሽከረከረው ዘንግ የሚያርፍባቸው ስስ መቀመጫዎች)፣ የውሃ ፓምፑና የታይሚንግ ሰንሰለቱም በአዲስ ተተክተዋል።

ከእድሳቱ በኋላ 300 ኪሎ ሜትር ያህል እንደነዳሁ አንድ ቀን ጠዋት የዘይት መሙያውን ክዳን ብከፍተው ውስጡ በወፍራም፣ የወተት ቡና በሚመስል ቅባት ተለውሶ አገኘሁት። መለኪያውን ዘንግ ሳወጣ የዘይቱ መጠን ከላይኛው ምልክት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ከምልክቱ በላይ ባለው የዘንጉ ክፍል ላይ ደግሞ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ተጣብቀዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ 1 ሊትር ያህል ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጨምሬያለሁ፤ መሬት ላይ ግን አንድም ጠብታ አላየሁም። የሙቀት መለኪያው ከመሃል አልተነሳም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አይወጣም። በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ኩላንት ንጹሕ አረንጓዴ እንደሆነ ነው፤ ምንም የዘይት ቅባት አይታይበትም።

ያደሰልኝ መካኒክ የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ለካና ሁሉም ከ12 ባር በላይ ሆኖ ተገኘ። ያም ሆኖ «የቴስታታው ጋርኒሽን (ከብሎኩ ጋር በሚጋጠምበት መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ነው፤ እንደገና መውረድ አለበት» ይለኛል። ቴስታታውን ማስወረድ አዲስ ጋርኒሽንና አዲስ ቡሎኖች እንደሚጠይቅ ስለማውቅ፣ ከዚያ በፊት መንስኤው በእርግጥ እሱ መሆኑን የማረጋግጥበት መንገድ ካለ ብታሳውቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሞተር አዳሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት ሞተሩን ከአሁን በኋላ እንዳያስነሱት ነው፤ «እስከ ጋራዡ ብቻ» ብለው እንኳ አያስነሱት። ብሮንዚኖቹ ብረት ከብረት ጋር እንዳይነካካ የሚጠብቃቸው ውፍረቱ ከፀጉር እጅግ የሚያንስ የዘይት ንጣፍ ነው። ውሃ የገባበት ዘይት ያንን ንጣፍ መሸከም አይችልም። በኩላንት ውስጥ ያለው ግላይኮል ደግሞ በሙቀት ወደ አሲድነት እየተለወጠ የብሮንዚኑን ለስላሳ ፊት ይበላል፤ ዘይቱንም ወደ ጭቃነት ይለውጠዋል፤ የዘይት ፊልትሩን ይደፍናል። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው መንስኤውን ሲፈልግ ሞተሩን ደጋግሞ ማስነሳቱ ነው፤ ፍሳሹ በትንሽ ወጪ የሚጠገን ሆኖ ሳለ በዚያ ምክንያት ብቻ ኮሎው (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ተበልቶ እድሳቱ ከዜሮ የጀመረበት ሞተር አይቻለሁ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ከጻፉልን ነገር ሁሉ ትልቁን ቁም ነገር የያዘው ምናልባት እርስዎ እንደ ዋዛ ያለፉት ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ኩላንት አለ፣ ኩላንቱ ውስጥ ግን ዘይት የለም። በሞተር ውስጥ ሁለት ዓይነት የዘይት መንገድ እንዳለ ያስቡ። አንደኛው ከዘይት ፓምፑ ተነስቶ በፊልትሩ በኩል ወደ ብሮንዚኖቹና ወደ ቴስታታው የሚወጣው ሲሆን፣ ሞተሩ ሲሠራ በውስጡ ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው ሥራውን የጨረሰው ዘይት በራሱ ክብደት ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) የሚወርድበት ነው፤ እዚያ ምንም ግፊት የለም። የኩላንቱ ግፊት በራዲያተሩ ክዳን የተገደበ በመሆኑ በአብዛኛው ከ1 ባር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ፍሳሹ ግፊት ያለበትን የዘይት መንገድ ከውሃው መንገድ ጋር የሚያገናኝ ቢሆን ኖሮ፣ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ዘይቱ ወደ ኩላንቱ ይገፋና ማጠራቀሚያዎ በቅባት ይሸፈን ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይወድቃል፤ ትኩሱ ኩላንት ግን ግፊቱን ይዞ ስለሚቆይ መንገዱ ይገለበጣል። የዘይት ማቀዝቀዣ የፈነዳበት ሞተር ሁለቱንም ፈሳሽ የሚያበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

የእርስዎ ኩላንት ንጹሕ መሆኑ እንግዲህ የሚነግረን፣ ፍሳሹ ግፊት ወደሌለበት ክፍል እንደሚሄድ ነው፤ ይኸውም ወደ ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹ፣ ወደ ታይሚንግ ክፍሉ ወይም በቀጥታ ወደ ኮፓው ማለት ነው። የቴስታታው ጋርኒሽን በዘይት መመለሻ ቀዳዳ ዙሪያ ቢያፈስ ይህንኑ ምልክት ያሳያል፤ ስለዚህ መካኒክዎ ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም። ነገር ግን የታይሚንግ ሰንሰለቱን የሚሸፍነው የፊት ሽፋንም፣ የተሰነጠቀ ብሎክም፣ እርጥብ ካሚሻ (ውሃ በቀጥታ የሚነካው የሲሊንደር ቱቦ) ባላቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ የካሚሻው የታች ጎሚኒም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው።

የኮምፕሬሽኑን ነገር በተመለከተ ልኬቱ መልካም ዜና ቢሆንም ሊያረጋግጥልዎ የሚችለው ጥቂት ነው። ኮምፕሬሽን የሚለካው የሲሊንደሩን ጥብቀት ብቻ ነው፤ ከሲሊንደሩ ራቅ ባለ ቦታ በውሃ ቀዳዳና በዘይት ቀዳዳ መካከል ያለ ፍሳሽ በዚያ ልኬት አይታይም።

አሁን እንዲህ ቢያደርጉ እመክራለሁ። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ሳይነካ ይቆይ። ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሱ የኮፓውን ማፍሰሻ ቡሎን ቀስ እያሉ ያላሉት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያውጡት። ኩላንት ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ፍሳሹ ብዙ ከሆነ ቀድሞ የሚንጠባጠበው ውሃው ነው። በንጹሕ ብርጭቆ ተቀብለው ቀለሙን ይመልከቱ። አንዳንዶች «ቅመሰውና ጣፋጭ ከሆነ ኩላንት ነው» ይላሉ፤ በፍጹም እንዳያደርጉት። ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣፋጭ በመሆኑም እንስሳትና ሕፃናት እንዳይደርሱበት ባልዲውን ይክደኑት።

ከዚያ ኮፓውን ያስወርዱ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በራዲያተሩ አፍ ላይ የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ገጥመው በክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ይሙሉትና ከመኪናው ሥር በመብራት ይመልከቱ። ጠብታው ከየት እንደሚወርድ በዓይን ማየት ከማንኛውም ግምት ይበልጣል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይታገሡ፤ ትንሽ ፍሳሽ ተንጠባጥቦ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል።

የቶርኖ ባለሙያ፦

የቀደመው ጸሐፊ በተናገረው እስማማለሁ፤ ሆኖም እኔ በቴስታታው ላይ ያለኝን ጥርጣሬ ቶሎ አልተውም፤ ምክንያቱም ይህ ሞተር ከመታደሱ በፊት ክፉኛ ግሏል። የአሉሚኒየም ቴስታታ ከመጠን በላይ ሲግል ይጣመማል፤ አንዳንድ ጊዜም በባልቦላ (ቫልቭ) መቀመጫዎቹ መካከል ወይም ከውሃ ክፍሉ ወደ ዘይት መመለሻው ይሰነጠቃል። ፊቱን ማስተካከል መጣመሙን እንጂ ስንጥቁን አያድነውም። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቅዎ ጥያቄ ይህ ነው፦ ቶርኖ ቤቱ ቴስታታውን በውሃ ውስጥ ነክሮ በአየር ግፊት ፈትሾታል ወይስ ፊቱን ብቻ አስተካክሎ መልሶታል? ይህ ፍተሻ ሲደረግ ቴስታታው ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚዘጋና ሲሞቅ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ አለና።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የብሎኩን ፊት ይመለከታል። ብዙ ሰው ቴስታታውን አስተካክሎ ብሎኩን ይረሳል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድመው በስስ የብረት መለኪያ ምላስ ሲፈትሹት፣ በብዙ ሞተሮች ላይ የሚፈቀደው ክፍተት 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር ግን ከሞተሩ መመሪያ መውሰድ ያስፈልጋል። ከብዙ የብረት ንብርብር የተሠሩት የዛሬዎቹ ጋርኒሽኖች ከቀድሞዎቹ ይልቅ ለስላሳ ፊት ይፈልጋሉ፤ በሸካራ ፊት ላይ ከተቀመጡ በአግባቡ ታስረው እንኳ ያፈሳሉ።

ሌላው በደንብ ሊጠየቅ የሚገባው የቡሎኖቹ ጉዳይ ነው። ብሎኩ በሚታጠብበት ጊዜ በቡሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ቀርቶ ከሆነ፣ ቡሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መውጫ ያጣል። ፈሳሽ ደግሞ አይታመቅምና ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቁልፍ) የታዘዘለትን ቁጥር ሲያሳይ ቴስታታው ገና አልተጫነም ማለት ነው፤ ግፊቱ ሲብስ የቀዳዳውን ግርጌ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። እኔ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በአየር ካልነፋሁና በጨርቅ ካላደረቅሁ አንድም ቡሎን አልገጥምም። በዲግሪ እየተለካ የሚታሰር ቡሎን ሲታሰር የሚለጠጥ ስለሆነ አሮጌውን መልሶ መጠቀም አደጋ አለው። ጫፋቸው ወደ ውሃ ክፍል የሚዘልቅ ቡሎኖች ያሉበት ሞተር ከሆነ ደግሞ ጥርሳቸው ማሸጊያ መቀባት አለበት፤ ያለዚያ ኩላንቱ ጥርሱን ተከትሎ ይወጣል።

አንዳንድ ጊዜ ከእጥበት የቀረ ውሃ አዲስ የታደሰን ሞተር ዘይት ለጥቂት ቀን ያደፈርሰዋል፤ አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ መኪናም በቅዝቃዜ ወራት ከክዳኑ ሥር ጥቂት ነጭ ቅባት ይይዛል። የእርስዎ ግን 1 ሊትር ኩላንት ስለጎደለ በዚህ ሊታለፍ አይችልም።

አንድ አንባቢ፦

በአጭሩ ሁለት ነገር ልጨምር። መኪናዎ አውቶማቲክ ከሆነ የማርሹን ዘይትም ይመልከቱ፤ በራዲያተሩ ውስጥ የሚቀዘቅዝ ከሆነና እዚያ ከተበሳ ዘይቱ ሮዝ ቀለም ያለው ወተት ይመስላል፤ ያ ከሞተሩ የባሰ አስቸኳይ ነው። እንዲሁም «ፍሳሽ ይደፍናል» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄትም ሆነ ፈሳሽ እንዳይጨምሩ እለምንዎታለሁ። የሚደፍነው ከፍሳሹ ይልቅ የራዲያተሩንና የካቢን ማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎች ነው፤ በኋላም እውነተኛውን ምልክት ይሸፍንብዎታል።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማርሹ የእጅ ስለሆነ በዚያ በኩል ሥጋት የለኝም። ቶርኖ ቤቱን ጠይቄ ቴስታታው በአየር ግፊት ተፈትሾ እንደነበር አረጋግጠውልኛል፤ የብሎኩም ፊት ተለክቷል ብለውኛል። ቡሎኖቹ አዲስ ናቸው፤ ቀዳዳዎቹ ግን መድረቃቸውን መካኒኩ አያስታውስም።

እንደተመከርኩት መኪናውን ሌሊቱን አሳድሬ ጠዋት የኮፓውን ቡሎን ቀስ ብዬ አላላሁት። መጀመሪያ ጥቁር ዘይት ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ በቡሎኑ ጥርስ ዙሪያ ተንሸራቶ የወረደው አረንጓዴ ውሃ ነበር። በብርጭቆው ላይ ሲጠራቀም ከኩላንቱ ቀለም ጋር አንድ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ያህል ከወጣ በኋላ ነው ግራጫ ቡናማ የሆነው ዘይት የተከተለው። ሞተሩን ማስነሳት ስለተከለከልኩ በየሲሊንደሩ ካንዴላውን አውጥተን፣ ፒስቶኑን ከላይ አድርሰን፣ ባልቦላዎቹ ተዘግተው ሳለ አየር አስገባን። የራዲያተሩን አፍ ከፍቼ ለረጅም ጊዜ ስመለከት በአራቱም ላይ አንድም አረፋ አልወጣም።

ከዚያ ኮፓው ወረደ። ማቀዝቀዣውን 1 ባር ሞልተን ሥሩ ተኛሁ። ግፊቱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ወደ 0.8 ወረደ። ካሚሻዎቹ ሥር ደረቅ ናቸው፤ የመሃሉና የኋላው ክፍልም እንዲሁ ደረቅ ነው። ፊት ለፊት ግን ከታይሚንግ ሰንሰለቱ ኋላ በብሎኩ ግድግዳ ላይ አንድ ቀጭን እርጥብ መስመር ወርዶ በብሎኩ የታች ጠርዝ ላይ ጠብታ ይሠራል፤ በግምት በየ40 ሰከንዱ አንድ ጠብታ ይወድቃል። መካኒኩ ይህን ካየ በኋላም «ከቴስታታው ፊት ወርዶ ነው» ይላል። እንዴት እንለየው?

ሞተር አዳሽ፦

በጣም ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፤ ከዚህ በኋላ ጥያቄው በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ነው ያለው። የውሃ ፓምፑ የታሰረው በፊት ሽፋኑ ላይ ነው ወይስ በቀጥታ በብሎኩ ላይ? በሽፋኑ ላይ ከሆነ ኩላንቱ ከፓምፑ ተነስቶ በሽፋኑ ውስጥ አልፎ ነው ወደ ብሎኩ የሚገባው፤ በዚያ መተላለፊያ ዙሪያ ያለው ጋርኒሽን ካልያዘ ኩላንቱ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ሰንሰለቱ ክፍል ይፈሳል። መሬት ላይ ምንም ያላዩት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ለመለየት የባልቦላዎቹን ሽፋን ያስከፍቱ። ከላይ በኩል የሰንሰለቱን ጉድጓድ በመብራት እያዩ ንጹሕ ጨርቅ በሽቦ ጫፍ ላይ ጠቅልለው የቴስታታውንና የብሎኩን መጋጠሚያ ከውስጥ በኩል ያድርቁት፤ ከዚያ ግፊቱን እንደገና ይሙሉ። ያ መጋጠሚያ ደረቅ ሆኖ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ከረጠበ ቴስታታው ነጻ ነው። ዓይን ካልደረሰበት በኩላንቱ ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ጨምረው መንገዱን መከተል ይችላሉ።

የቶርኖ ባለሙያ፦

እኔም አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ የፊት ሽፋኑን ነው የምጠረጥረው። ሽፋኑ ሲወጣ ጋርኒሽኑን ቶሎ ጠርገው እንዳይጥሉት። በጋርኒሽኑ ላይ የታተመው መስመር ምስክር ነው፤ በደንብ የተጫነው ቦታ ጥርት ያለ አሻራ ይኖረዋል፤ ያፈሰሰው ቦታ ደግሞ አሻራው ይደበዝዛል ወይም የኩላንት ዝቃጭ ይታይበታል። ቴስታታው ከብሎኩ ጋር በሚገናኝበት የፊት መስመር ላይ ጥቂት ደረጃ ሊኖር ይችላል፤ ሽፋኑ ሲመለስ በዚያች ነጥብ ላይ ማሸጊያ መደረጉን ያረጋግጡ።

ጠያቂ፦

ውጤቱን ልንገራችሁ ተመልሻለሁ። ፓምፑ በእርግጥም የታሰረው በፊት ሽፋኑ ላይ ነው። ከላይ በኩል አድርቀን ስንሞክር የቴስታታው መጋጠሚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ደረቅ ሆኖ ቆየ፤ ግድግዳው ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ረጠበ። መካኒኩም በዓይኑ አይቶ አመነና ሽፋኑን ፈታነው።

ጋርኒሽኑ በኩላንቱ መተላለፊያ ዙሪያ ሁሉ ጥርት ያለ አሻራ አለው፤ ከታች በስተግራ ግን ጥፍር በማታህል ርቀት አሻራው ይቋረጣል። በዚያው ትክክል የሽፋኑን የአሉሚኒየም ፊት በጣቴ ስዳብሰው ጥፍሬ በአንድ ጭረት ያዘ። ጭረቱ ከውሃው ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ሰንሰለቱ ክፍል በሰያፍ ይሻገራል፤ አሮጌው ጋርኒሽን በጠመንጃ መፍቻ ተፍቆ ሲወጣ የተፈጠረ እንደሆነ ግልጽ ነው። በላዩ ሲሊኮን ተቀብቶ ነበር፤ ሲሊኮኑ ግን ፊቱ ዘይት ስለነበረው ሳይጣበቅ እንደ ላስቲክ ተላጦ በእጄ ወጣ።

ሽፋኑ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ጭረቱ እስኪጠፋ ፊቱ በስሱ ተስተካከለ። ኮፓው ወርዶ ስለነበር ሁለት ብሮንዚን ከፍተን አየን፤ አንደኛው ደህና ቢሆንም የሁለተኛው ፊት አንጸባራቂነቱን አጥቶ አመድ መስሏል። ኮሎው ተለክቶ በልኩ ስለተገኘ ብሮንዚኖቹን ብቻ በሙሉ ቀየርን። የብሎኩንና የሽፋኑን ፊት በፕላስቲክ መፋቂያ አጽድተን፣ ዘይቱን በማሟሟቻ ጠርገን፣ አዲስ ጋርኒሽን ገጥመን፣ ማሸጊያው እስኪደርቅ አንድ ቀን ጠበቅን። ዘይት ከመሙላታችን በፊት ግፊቱን ብንፈትሽ መርፌው ለአንድ ሰዓት ከ1 ባር አልነቃነቅም።

በመጀመሪያ የሞላሁትን ዘይትና ፊልትር ሞተሩን ያለ ጭነት ለ15 ደቂቃ ብቻ አሠርቼ ጣልኩት፤ አሁንም ጥቂት ድፍርስ ነበር። ሁለተኛውን ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ስቀይረው ጥርት ያለ የማር ቀለም ነበረው። በሦስተኛው ዘይት አሁን 400 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ፤ ኩላንቱ ከምልክቱ አልወረደም፤ የክዳኑም ውስጥ ንጹሕ ነው።

ሞተር አዳሽ፦

እጅግ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፦ በ1000 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱንና ፊልትሩን ሲቀይሩ አሮጌውን ፊልትር በመቁረጫ ከፍተው ወረቀቱን ዘርግተው ይመልከቱት። የሚያንጸባርቅ ብናኝ ካላገኙ ብሮንዚኖቹ ደህና ናቸው ማለት ነው።